ሻጭ በሌለበት ሱቅ የተያዘ ወረፋ

ባርብሮ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቢቀራትም ፈተና የሚባል ነገር ወድቃ አታውቅም። የትራክተር መንጃ ፈቃዷን በመጀመሪያው ሙከራ ነው ያገኘችው። የአደን ጠመንጃ ፈቃድ ስትፈተን አብረዋት ከቀረቡት ወንዶች ሁሉ በልጣ ተኩሳለች። ምራት ሆና የገባችበት ቤት አማቷ ያዘጋጀችላትንም ፈተና፣ ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር፣ ጥርሷን ነክሳ አልፋዋለች። ስለዚህ ልጇ ሆካን ቅዳሜ ጠዋት ከከተማ መጥቶ፣ ቦት ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ወጥ ቤት ገብቶ «እንግዲህ እማ፣ ዛሬ እናያለን» ሲላት ልቧ ትር እንኳ አላለም።

«ታያለህ» አለችው። «አንተ ዓይን አለህ አይደል።»

ይህን ያለችው ሆን ብላ ለመውጋት ነው። ቅጠል ሲረግፍ የዓይን ሐኪሙ መኪና መንዳት ከልክሏታል። በሽታው ዓይኗን ጨርሶ አላጠፋውም፤ መሐል መሐሉን ብቻ ነው የበላባት። ትክ ብላ ያየችው ነገር ይሰወርባትና ዳር ዳሩ ይቀራል። ሰው ፊቷ ሲቆም ጆሮዎቹን ታያለች፣ አፍንጫውን አታይም። ሰዎች ሲያዝኑላት «የዚህ መንደር ሰው አፍንጫ ድሮም የሚታይ አልነበረም» ትላቸዋለች።

ሆካን በዚህ አይስቅም። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ ሊሰበር የሚችለውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ በማሰብ ነው እንጀራውን የሚበላው፣ እናቱንም ሊሰበሩ ከሚችሉት ነገሮች ተርታ ካሰለፋት ቆይቷል። መኪና መንዳት ካቆመች ወዲህ በየቅዳሜው ምግብ ጭኖ ይመጣል። በከተማው የአረጋውያን መኖሪያም ቤት አግኝቶላታል፤ አሳንሰር ያለው፣ ግድግዳው ላይ ነርስ የሚጠራ ደወል የተገጠመለት፣ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያ የሚያይ ቤት። ሰዎቹ እሺታዋን ወይም እምቢታዋን ሰኞ ይፈልጉታል።

«እኔ የምኖረው ቤቴ ነው» ብላው ነበር በስልክ።

«ምን እየበላሽ?»

«ከሱቁ እየገዛሁ።»

«እማ፣ ያ ሱቅ እኮ ሻጭ የለውም።»

«እና እኔ ሻጭ ልበላ ነው እንዴ?»

ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማሙ። ባርብሮ ማንም ሳይረዳት ሱቁ ድረስ ሄዳ የሳምንት ቀለቧን ገዝታ ከተመለሰች ቤቷ ትኖራለች። ካልቻለች ሰኞ እሺ ትላለች። ቃሏን ሰጠች፤ ባርብሮ ደግሞ ቃሏን ከሰጠች በኋላ የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

ሱቁ መንገዶቹ የሚገናኙበት ላይ የቆመ ቀይ የእንጨት ቤት ነው፤ ከጋራዥ ብዙም አይበልጥም። እውነተኛው ሱቅ ከተዘጋ በኋላ መንደሩ ዓመታት ሙሉ አንድ ካርቶን ወተት ለመግዛት ጫካ ለጫካ ሲነዳ ኖረና በመጨረሻ ይህ መጣለት። በሩ በስልክ ይከፈታል። የፈለጉትን ያነሣሉ፣ ዕቃው ላይ የታተመውን ባርኮድ በስልካቸው ካሜራ ያነሣሉ፣ ይከፍላሉ፣ ይወጣሉ። መደርደሪያውን የሚሞላ ሰው አለ ይባላል፣ አይቶት የሚያውቅ ግን የለም። ባርብሮ መኪና በነበራት ጊዜ አፍንጫዋን ነፍታ ነበር በፊቱ የምታልፈው። ሰው የሌለበት ሱቅ እሷ ዘንድ ከመጋዘን አይለይም።

አሁን ግን አስፈለጋት፣ ባርብሮ ደግሞ ያስፈለጋትን ነገር አትንቅም። ሰሞኑን ወጥ ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ በር መክፈቻውን ስትለማመድ ነው የሰነበተችው። ስልኳ የነካችውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ በሩ የሚጠይቀውን የባንክ መታወቂያዋን የምስጢር ቁጥር ጣቶቿ በቃላቸው ይዘውታል። ባርኮድ የማንሣቱን ነገር አልተለማመደችም። ዕቃውን ለስልኩ ማሳየት ምን ያቅታል፣ ብላ ነው።

ወንበር የተገጠመለትን፣ ከኋላ ቆመው በአንድ እግር የሚገፉትን የበረዶ መንሸራተቻዋን ከዕቃ ማስቀመጫው ጎጆ አወጣች። ብርዱ ደረቅ ነበር፣ መንገዱም ጠንካራ በረዶ። ሆካን በመኪናው ከኋላዋ ቀስ ብሎ ይከተላል።

«ከመኪናህ አትወርድም። አፍህንም አትከፍትም» አለችው ከመነሣቷ በፊት።

«ከወደቅሽስ?»

«ከወደቅሁ ራሴ እነሣለሁ። የኔ ልጅ፣ አንተን መራመድ ያስተማረህ ማን ሆነና?»

አልወደቀችም። ቁልቁለቱን ስትወርድ ሁለት እግሯን ሰብስባ ለቀቀችው፣ ኮቷ ከኋላዋ እየተርገበገበ። ሆካን ከኋላ መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገባት፤ ይህን እንደ ጭብጨባ ቆጠረችለት።

ሱቁ ጋ ስትደርስ መኪኖች ተሰልፈው አገኘች። ሞተራቸው ጠፍቷል፣ መስኮታቸው በጉም ደብዝዟል፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ተቀምጧል። ቀብር ያለ መሰላት። የመጀመሪያው መኪና መስኮት በጣት ስፋት ያህል ዝቅ አለ፤ በድምፅዋ ማይሊስ መሆኗን አወቀች፤ የመንደሩ ልጆች ሁሉ አስተማሪ የነበረችው ማይሊስ።

«ቱሬ ውስጥ ነው» አለች ማይሊስ በሹክሹክታ።

«እና?»

«እና እስኪወጣ ይጠበቃላ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

ማይሊስ አሰበች። «ማንም አላለም። ግን እንደዚያ ነው።»

እንደዚያም ነበር። ሱቁ በተከፈተ ማግስት አንዱ ሊገባ ሲል ሌላ ሰው ውስጥ አየ፤ ሰውን በገበያው መሐል መረበሽ ነውር መስሎት መኪናው ውስጥ ጠበቀ። ሦስተኛው ሲደርስ ሁለተኛው ሲጠብቅ አየና ሕግ ቢኖር ነው ብሎ እሱም ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ሁለት ሰው አንድ ላይ ሱቅ ገብቶ አያውቅም። ሕጉን ያወጣው የለም፣ የጠየቀም የለም፣ የጣሰውም የለም። ይህ ሕዝብ ጎረቤቱን ላለማስቸገር ሲል በረዶ ውስጥ ደርቆ ቢቀር ግድ የለውም፤ ደግሞም ጨዋነት ነው ይለዋል።

ከሁሉም መኪና የሌላት ባርብሮ ብቻ ነበረች። ሆካን መስኮቱን አወረደ።

«እማ፣ ተራሽ እስኪደርስ እኔ ጋ ግቢና ሙቂ።»

«ይህ እርዳታ ነው?»

ሆካን የመሐንዲስ ሕሊናው አላስዋሸውም። «...እርዳታ ነው» አለ።

«እንግዲያው መስኮትህን ዝጋ። ብርድ ያስገባብሃል።»

ቆመች። ቱሬ አይወጣም። ቱሬ ዕድሜ ልኩን ሳያገባ፣ ከእሷ ቤት ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ላይ የኖረ ሰው ነው፤ በዓመት ውስጥ የሚናገረው ቃል ተሰብስቦ አንድ ከሰዓት በኋላ አይሞላም። በመስታወቱ አሻግራ በዓይኗ ጠርዝ ስታየው ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞረ አንዱን አንሥቶ ሌላውን ይመልሳል። የእግሯ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ፤ ያናደዳት ግን ብርዱ አልነበረም። ድሮ በዚህ ቦታ በነበረው ሱቅ ሰው ተጋፍቶ፣ ተሳድቦ፣ ወሬ ለዋውጦ ነበር የሚወጣው። አሁን ሱቅ አግኝተው፣ ሱቁ እፊታቸው ቆሞ፣ እያንዳንዱ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል። ልጇ ይህን ሁሉ ከኋላዋ ተቀምጦ እያየ መሆኑን አሰበች። ሆካን ለዚህ መንደር ያለውን ስሜት ታውቀዋለች። «እዚያ ሰው ቢሞት ማን ያያል?» ብሏታል አንድ ጊዜ፣ ወዲያው ደግሞ በማለቱ ተጸጽቷል።

«ምን ቆርጦኝ ነው የምጠብቀው?» አለች ጮክ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን።

በማይሊስ መኪና አጠገብ አልፋ በሩ ጋ ደረሰች። ስልኳን አወጣች፣ ጣቶቿ ቁጥሩን መቱ፣ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ማይሊስ መኪናዋ ውስጥ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ቱሬ ቋሊማ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ባርብሮ» አለ። «እኔ እኮ ውስጥ ነኝ።»

«አይቼሃለሁ። ጆሮህ ይታየኛል።»

«ሁለት ሰው... ይፈቀዳል?»

«በሩ ከፈተልኝ። ቅሬታ ካለህ እሱን ጠይቀው።»

ቱሬ ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያለውን ካሜራ አየ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ኮፍያውን አወለቀ። ደወል ይጮሃል ብሎ ጠበቀ። የጮኸ ነገር የለም። ማቀዝቀዣው ብቻ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል።

ባርብሮ ሥራዋን ጀመረች፣ ደስም አላት። ድንቹን በእጇ አወቀችው፣ ወተቱን በካርቶኑ ቅርጽ፣ ክቡን ደረቅ ዳቦ በድምፁ፤ ስትነካው ይንኮሻኮሻል። ቡናውን አሽትታ አነሣች። ዳቦ ላይ የሚቀባ የዓሣ እንቁላል ነው ብላ ያነሣችውን ቱቦ ዳር ዳሩን አይታ ሰናፍጭ መሆኑን ደረሰችበትና መለሰችው። ቅርጫቷ ሞላ። መስታወቱን አሻግራ ወደ ሆካን መኪና አገጯን ከፍ አደረገች።

ከዚያ ስልኩን ወደ ወተቱ አዞረች።

«ባርኮድ አልተገኘም» አለ ስልኩ። «እንደገና ይሞክሩ።»

ካርቶኑን አዞረችው። አልተገኘም። ራቅ አደረገችው፣ አቀረበችው፣ ዓይኗን ወደ ጎን መልሳ በጠርዙ ልታይ ሞከረች። አልተገኘም። ወተቱን አስቀምጣ ቡናውን አነሣች። ያቺ ትንሽ የመስመር ጥቅል በዓለም ላይ ካለው ነገር ሁሉ መርጣ በትክክል ዓይኗ የተበላበት ቦታ ላይ ነው የምትቀመጠው። እንደገና ይሞክሩ። እንደገና ይሞክሩ። የስልኩ ትሕትና አበሳጫት፤ ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

በዚያን ጊዜ ነው ልቧ ትር ያለው። አሳንሰሩ ታያት፣ ደወሉ፣ የመኪና ማቆሚያው። ፈራች፤ ይህን ለራሷ አልደበቀችም። ሃምሳ ዓመት የኖረችበት ቤት በአንዲት የወተት ካርቶን ሊሄድ ነው።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለ ቱሬ ከኋላዋ።

«እንዳትረዳኝ! ፈተና ላይ ነኝ።»

«የምን ፈተና?»

ነገረችው። ቱሬ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ሰማ።

«ብቻሽን ነው የተባለው?»

«ማንም ሳይረዳኝ ነው የተባለው። ቃሌን ሰጥቻለሁ።» ወተቱን ቅርጫቱ ውስጥ መለሰችው። ማታለል ትችል ነበር፤ ሆካን ከዚያ ርቀት ማን ስልኩን እንዳነጣጠረ አያይም። ግን በማታለል ያለፈችው ፈተና የላትም፣ በዚህ ዕድሜዋ ደግሞ አትጀምርም። በሩን ከፈተች። «ሆካን! ና፣ ግባ!»

ሆካን እየሮጠ መጣ። «ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። አልቻልኩም። መጣሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ዕቃዬን አገኘሁ፣ ይህን ባርኮድ የሚሉትን ግን ዓይኔ አያየውም። ልትሰማው የፈለግኸው ይህ ከሆነ ከራሴ አፍ ስማው።»

ሆካን ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም። በሩን ይዞ ቆሞ፣ ቅዝቃዜውን እያስገባ፣ ድምፁ ተሰባበረ።

«እማ፣ ነገሩ እኮ ወተቱ አይደለም። ወተቱን እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ላመጣልሽ እችላለሁ። የአባባ ነገር ነው። ሁለት ቀን! አንቺ ለዳሌሽ ሆስፒታል ተኝተሽ፣ እሱ እንጨት መፍለጫው ጎጆ ውስጥ ወድቆ ሁለት ቀን። እኔ ከከተማ መጥቼ እስካገኘው ድረስ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ በሩን አላንኳኳም። እነዚህ ሰዎች...» ወደ መኪኖቹ አመለከተ። «እነዚህ ሰዎች ሱቅ ውስጥ እንኳ አብረው አይቆሙም። አንቺ ብትወድቂ ማን ያውቃል?»

ባርብሮ ለዚህኛው ፈተና አልተዘጋጀችም ነበር።

«ማክሰኞ ዘግይተሽ ነው የተነሣሽው» አለ ቱሬ።

ባርብሮ ዘወር አለች። «ምን?»

«የወጥ ቤትሽ መብራት። ሌላ ጊዜ የጠዋቱ ዜና ሳይጀመር ይበራል። ማክሰኞ ዜናው አለቀ፣ አልበራም። ጫማዬን አደረግሁ። ከዚያ በራ። ጫማዬን አወለቅሁ።»

«ለእኔም ደውሎ ነበር» አለች ማይሊስ። በሩ ክፍት ሆኖ ስታየው ሰተት ብላ ገብታለች፣ እግሯ ግን አሁንም ምንጣፉ ላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እንዳልገባች እንዲቆጠርላት። «'የባርብሮ መብራት አልበራም፣ ካልበራ ቁልፉን ይዤ እገባለሁ' አለኝ።»

«የትኛውን ቁልፍ?» አለች ባርብሮ። «ቁልፌ የት እንዳለ ማንም አያውቅም!»

«ከወፎቹ መኖ ጣሳ ሥር» አሉ ቱሬና ማይሊስ አንድ ላይ።

ሆካን ግን አልሳቀም። ቱሬን ትክ ብሎ አየው፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ያን ጊዜስ?» አለ። «በአባቴ ጊዜ የት ነበርክ? ያን ጊዜ መስኮት አልነበረህም?»

ባርብሮ ልታስቆመው እጇን አነሣች። ቱሬ ግን ራሱን ነቀነቀ፣ ጥያቄው እንደሚገባው ሰው፣ ምናልባትም ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው።

«ነበርኩ» አለ። «አባትህ ኤቨርት ማታ እንጨት ሊያመጣ ሲወጣ የወጥ ቤቱን መብራት አላጠፋውም። እንደበራ ቀረ። ጠዋት አየሁ፣ በርቷል። ማታ አየሁ፣ በርቷል። በማግስቱም። 'መብራት ካለ ደህና ነው' አልኩ።» ብዙ መናገር አልለመደም። «ሌሊት ሰው መብራቱን ያጠፋል። ይህን አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ መጥፋቱንም አያለሁ። መጥፋቱን ሳላይ አልተኛም።»

ባርብሮ አንዳንድ ማታ ሬዲዮ ስትሰማ ታመሻለች፤ አንዳንዴም እንቅልፍ እምቢ ሲላት መብራት አብርታ ትቆዝማለች። ያን ሁሉ ጊዜ ኮረብታው ላይ አንድ ሽማግሌ አንገቱን በእንቅልፍ እየሰበረ ሲጠብቃት ኖሯል፣ አንድም ቀን ሳይነግራት። አዘነችለት፣ ደግሞም ተናደደችበት።

«አንተ ሞኝ!» አለችው። «ስልክ የለህም? ደውለህ 'ተኚ' አትለኝም?»

«ማስቸገር ይሆንብኛል ብዬ» አለ ቱሬ።

ሆካን በሩን ለቀቀው፣ በሩ በቀስታ ተዘጋ፣ ሁሉም ውስጥ ቀሩ። ረጅም ሰው ነው፣ አናቱ ካሜራውን ሊነካ ምንም አልቀረው። እጁን ለቱሬ ዘረጋ። ቱሬ ቋሊማውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ጨበጠው። ተጨባብጠው ቆዩ፤ ሁለቱም ማን ቀድሞ መልቀቅ እንዳለበት አላወቁም። ባርብሮ ፊታቸውን ማየት አትችልም፣ የልጇ ትከሻ ግን ከዳር ሲንቀጠቀጥ አየችው፤ ከአባቱ ቀብር ወዲህ ያልወረደለት ነገር አሁን እየወረደለት እንደሆነ አወቀች።

«ሆካን፣ ስልክ ቁጥርህን ለቱሬ ስጠው» አለች ማይሊስ፣ በአስተማሪ ድምፅ። «ቱሬ፣ አንተም ኮፍያህን አድርግ። ሰው እያሳቀቅህ ነው።»

ከዚያ ባርብሮ ወተቱን እንደገና ከቅርጫቷ አወጣች። ስልኩን ያዘች፣ ቱሬ ካርቶኑን ያዘ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለ። «ሆነ። አሁን።»

ስልኩ ጢጥ አለ። ቀጥሎ ዳቦው፣ ቀጥሎ ቡናው። በሩ በመሐል ተከፍቶ ውሻ የያዘ ሰው ራሱን አስገባና «አሁን መግባት ተፈቀደ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፣ ማይሊስም «ግባና በሩን ዝጋ፣ ሙቀቱን ጨረስከው» አለችው። ብዙም ሳይቆይ ሱቁ ውስጥ መዞሪያ ጠፋ። አንዱ እርጎው የት እንዳለ ይጠይቃል፣ ሌላው ያሳየዋል፣ ውሻው ቋሊማውን ያሸታል፣ ማንም ለመውጣት አልቸኮለም። ሆካን ጥግ ይዞ እያየ፣ ዓይኑን በጓንቱ ጠረገ።

ሲወጡ ዕቃውን መንሸራተቻዋ ወንበር ላይ ራሷ ጫነች፣ ራሷ በገመድ አሰረችው። ሆካን አልነካም፤ ውሉ ውል ነው።

«ፈተናውን ወድቄያለሁ» አለችው፣ ቀና ብላ። «ማንም ሳይረዳኝ ተባብለን ነበር። ቃሌን ሰጥቼሃለሁ፣ በእሱ ልትይዘኝ ትችላለህ።»

ሆካን መንገዱን አሻግሮ ወደ ኮረብታው ተመለከተ። የቱሬ መስኮት ከዚያ ይታያል፣ ከመስኮቱም የእናቱ ቤት።

«አልይዝሽም» አለ። «ሰኞ ጠዋት ደውዬ 'ቤቱ ይቅርብን' እላቸዋለሁ።»

«አንተ አትደውልም። የተሰጠው ቤት ለእኔ ነው፤ የምደውለውም እኔ ነኝ።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

ባርብሮ አንድ እግሯን መንሸራተቻው ላይ አድርጋ ጓንቷን አጠበቀች።

«ማታ መብራቱ ሲጠፋ የሚያይለት ለሌለው ሰው ስጡት እላቸዋለሁ» አለች።